«አረፍ በይ» አትበሏት፦ ከጉልበት ቅየራ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

እናቴ ቀኝ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና በሰው ሠራሽ ያስቀየረች ሰሞን ቤታችን ጠያቂ አልተለየውም። ሁሉም ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ ወንበር ስቦ የሚለው አንድ ነው፦ «እማማ፣ ምንም እንዳይነኩ። ዝም ብለው ይረፉ።» ፊዚዮቴራፒስቷ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) ግን በቀዶ ጥገናው ማግስት ከአልጋ አስነስታታለች። ከሁለቱ አንዱን መስማት ነበረብን። መጀመሪያ የሰማነው ጠያቂውን ነው።

ትራስ ጉልበት ሥር ማድረግ

ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ቤት እንደገባን ትራስ አጥፌ ጉልበቷ ሥር አደረግኩላት። «ተባረኪ፣ አሁን ገና ቀለለኝ» አለች። ለካ ጣጣው ያለው እዚያ ምቾት ላይ ነው። ጉልበት ታጥፎ ሲውል ሲያድር ከኋላ ያለው ጡንቻና ጅማት እያጠረ ይሄዳል። ከዚያ እግሩ ቀጥ ልበል ቢል እምቢ ይላል፤ ቀጥ በማይል ጉልበት የሚሄድ ሰው ደግሞ ማነከሱ አይቀርም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስትመጣ እናቴን «እግርዎን ይዘርጉ» ብላ መዳፏን በፍራሹና በጉልበቷ መሃል ሰደደች። እጇ ያለ ችግር ገባ፤ ጉልበቷ ቀጥ አላለም ማለት ነው። ምንም አልተናገረችም። ትራሱን አንስታ ተረከዟ ሥር አደረገችው። ጉልበቷ አየር ላይ ቀረና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እማማ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው።

ቀኑን ሙሉ መተኛት

ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ጥገና በኋላ በእግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ አለ። የደም ማቅጠኛ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ተኝተውም ቢሆን ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ሲነሱ ደግሞ ከመኝታ ቤት ሳሎን ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ።

ሲሻል መጀገን

ሦስተኛው ሳምንት ላይ እናቴ «ድኛለሁ» ብላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴውን ቆማ አስቀደሰች። ማታ ጉልበቷ ዳቦ አክሎ ነበር። ትንሽ ማበጥና መሞቅ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ያ ብቻውን አያስደነግጥም። ለመለካት ማለዳ ይሻላል፦ የትናንቱ እንቅስቃሴ ያመጣው ሕመምና እብጠት ሌሊቱን ካልቀነሰ በዝቶ ነበር ማለት ነው። የዛሬውን በግማሽ ቀንሱ። ከእንቅስቃሴው በኋላ እግርን ከፍ አድርጎ፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ይረዳል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታሳርፉ።

ማስታገሻን መናቅ

የኛ ሰው ሕመም ችሎ ማለፍ ይወዳል። እዚህ ላይ አያዋጣም። የታዘዘው ማስታገሻ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ካልተዋጠ፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ ሰዓቱ ያልቃል። ከወንበር ለመነሳት እንኳ ጉልበት 90 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት።

ከዘራው በየትኛው እጅ?

ብዙ ሰው በታመመው እግር በኩል ይይዛል። ተሳስቷል። የተቀየረው ቀኙ ከሆነ ከዘራው በግራ እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የተሰፋው።

ቅቤና ወጌሻ

አክስቴ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። «ባቷን ላሽላት፣ ደሙ ይፈታል» አለች። ለመከልከል ከባድ ነበር፤ ቤቱ የሷም ነው። ግን የረጋ ደም ካለ ማሸት ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ቁስሉ ላይ ደግሞ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት አይነካም። በመጨረሻ ቅቤውን ለፀጉሯ ተቀባች፤ ሁለቱም ደስ አላቸው።

ቤቱን እንደነበረ መተው

ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ለከዘራ ሳሙና ማለት ነው። እኛ ቤት ለጊዜው ቀርቷል። ዳር ዳሩ የተነሳ ምንጣፍ፣ የቻርጀር ገመድ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም ይጥላል። በርጩማ ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ሲነሱ ነው። ስለዚህ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ሰቀልነው፣ እናቴም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና ትቀዳለች። ጎረቤት ስቆብናል። መሬት የሚቀመጡበት ሽንት ቤትም እንደዚያው መላ ይፈልጋል። ስግደቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቆሞ ዝቅ በማለት፣ ሶላቱ ወንበር ላይ ይሁን።

«ጠዋት እናያለን» ማለት

ባት ላይ አዲስ ሕመም ወይም እብጠት፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም የማይቆም ፈሳሽ ካለ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ይደወላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ግን ስልክም አያስፈልግም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢሆንም መኪና ተፈልጎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።