ማይግሬን ላለበት ሰው፦ የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ውጤት ሲደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

የውጤት ወረቀታችሁ ላይ «ነጫጭ ነጠብጣቦች ታይተዋል» የሚል ካነበባችሁ ቶሎ አትደንግጡ። እኔ ከማይግሬን ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ። የኔም ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። እናንተ እንድትተኙ ነው ይህን የምጽፈው።

ነጠብጣቦቹ በነጩ የአንጎል ክፍል ላይ የሚታዩ ትንንሽ ለውጦች ናቸው። ማይግሬን ባለበት ሰው ላይ በብዛት ይገኛሉ። ግን ዕድሜም፣ ደም ግፊትም፣ ስኳርም፣ ሲጋራም ያመጧቸዋል። በኔዘርላንድስ ሰዎችን ለዘጠኝ ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ማይግሬን ካለባቸው ሴቶች 77 በመቶዎቹ ላይ ነጠብጣቦቹ ጨምረዋል። ማይግሬን ከሌለባቸው ሴቶችም 60 በመቶዎቹ ላይ ጨምረዋል። የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸው ግን በነጠብጣቦቹ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። እኔን ያረጋጋኝ ይሄ ነው።

ስለ ግራጫው የአንጎል ክፍልም ትሰሙ ይሆናል። ማይግሬን ሲደጋገም ሕመምን በሚያስተናግዱ የአንጎል ቦታዎች መጠን ላይ ትንሽ ልዩነት ይታያል። ይህ የሚገኘው የብዙ ሰዎችን ምስል አንድ ላይ በማነጻጸር ነው። የናንተን አንድ ፊልም አይቶ «አንጎልህ ሳስቷል» የሚላችሁ ካለ፣ እባካችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ስለዚህ ወረቀቱን አስቀምጡና ደብተር አውጡ። ከፊልሙ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ቀን መቁጠር ነው። ራሳችሁን ባመማችሁ ቀን ምልክት አድርጉ። ሕመሙ ማይግሬን ከነበረ፣ ማለትም እንደ ልብ ምት ትር ትር የሚል ሆኖ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃንና ድምፅ መጥላት ካለው፣ ለብቻው ለዩት። መድኃኒት የወሰዳችሁበትን ቀንም በሌላ ቀለም ጻፉ። ይህን ሦስተኛውን አደራ አትዝለሉት።

በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ራስ ምታት ካለ፣ ከነዚህ ቢያንስ 8ቱ ማይግሬን ከሆኑ፣ ይህም ከ3 ወር በላይ ከዘለቀ «ሥር የሰደደ ማይግሬን» ይባላል። ማስታገሻ ራሱ ደግሞ ራስ ምታት ያመጣል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ብቻውን በወር 15 ቀን፣ ትሪፕታን (ለማይግሬን ብቻ የሚሰጥ ማስታገሻ) ወይም ቅልቅል ማስታገሻ 10 ቀን ከደረሰ፣ ይህም በየወሩ ከተደጋገመ፣ አደጋው እዚያ ነው። ደስ የሚለው፣ ማስታገሻ ያበዙ ሰዎች ሲያቆሙ አንጎላቸው ላይ ከታዩት ለውጦች አንዳንዶቹ ወደነበሩበት ሲመለሱ ታይቷል። ብቻ በራሳችሁ በአንዴ አትቁረጡ፤ በተለይ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ካለበት ከሐኪም ጋር ይሁን።

ደብተሩን ይዛችሁ የነርቭ ሐኪም ጋ ሂዱና «መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገኛል?» በሉ። ፕሮፕራኖሎል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ቶፒራሜት አሉ፤ የሚመረጠው እንደየሰዉ ነው። እርግዝና የምታስቡ ሴቶች ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቶፒራሜት ፅንስ ይጎዳል። ከሕመሙ በፊት ዓይናችሁ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር የሚመጣባችሁም ንገሩ። ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያና ሲጋራ ከዚህ ጋር ሲገናኙ የስትሮክ አደጋን ከፍ ያደርጋሉ። የማይግሬን መከላከያ መድኃኒቱ በሳምንት አይሠራም። ትክክለኛው መጠን ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ስጡት፤ ለውጡንም በደብተሩ መዝኑት።

ደብተር የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። በደቂቃ ውስጥ ጣራ የሚነካ ሕመም፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት። የመጨረሻውን በፍጥነት ለሐኪም አሳዩ፤ ለሌሎቹ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።