ማየትም መስማትም ለተሳናቸው ልጆች መምህር ስታሠለጥኑ ከእጅ ጀምሩ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ ወይም ዳንግላ፣ ማየትም መስማትም የተሳነው ልጅ ትምህርት ቤታችሁ ሊመዘገብ ከመጣ መምህራኑን በገለጻ አታድክሟቸው። ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። የአንዱን ዓይን በነጠላ እሰሩ፣ ጆሮውን በጥጥ ድፈኑ፣ ጓደኛው ደግሞ ቃል ሳይተነፍስ ለብ ያለ ቡና ያጠጣው። ብዙው ሰው ዓይኑ የታሰረውን ጓደኛውን እጅ ጭብጥ አድርጎ ይይዝና ወደ ሲኒው ይጎትታል። ያ ሰው ይደነግጣል፣ እጁን ይሰበስባል። እዚህ ላይ አቁሟቸው። የልጁ እጅ ዓይኑም፣ ጆሮውም፣ አፉም ነው፤ ጨብጦ መያዝ ማለት አፉን ማፈን ነው።

አሁን ይድገሙት። የመምህሩ እጅ ከታች ይሁን፣ የልጁ ከላይ ይረፍ። መምህሩ ሲኒውን ሲያነሳ ልጁ አብሮ ይከተላል፣ ካልፈለገም እጁን አንስቶ "በቃኝ" ማለት ይችላል። እኔ ብሆን ግማሹን ቀን በዚህ ብቻ አሳልፍ ነበር።

ወደ ልጁ ስትቀርቡ ክንዱን ቀስ ብላችሁ ንኩ፣ ማን እንደሆናችሁም አሳውቁት። አንዷ አምባሯን፣ ሌላው ሰዓቱን ያስዳስስ፤ በየቀኑ ያው ይሁን። ቀጥሎ የሚመጣውንም በዕቃ ንገሩት፦ ለመታጠብ ሳሙና፣ ለምሳ ማንኪያ። ዕቃዎቹን ጠዋት በተራ ደርድሩለት፣ ያለቀውን ሌላ ሳጥን ውስጥ ራሱ ይክተት።

ከዚያ ጠብቁ። መምህራን በጣም የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፣ ምልክቱን ሰጥተው ልጁ ሳያስብበት ይደግሙታል። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። አሜሪካዊቷ መምህርት አን ሱሊቫን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ማየትም መስማትም ለተሳናት ለሄለን ኬለር መዳፏ ላይ በጣቶቿ ፊደል ስትሠራላት አንድ ወር ያህል ቆይታ ነው ልጅቷ ቃል ማለት ምን እንደሆነ የገባት፤ በሳምንት ውጤት አትጠብቁ።

ሁሉም ልጅ ጭልም ያለበት፣ ጭራሽ የማይሰማ አይደለም። ጥቂት የሚያይ ካለ መስኮት ከጀርባችሁ አይሁን፣ ልብሳችሁም ዝንጉርጉር አይሁን። መስማት ተስኖት አድጎ በኋላ ዓይኑ የደከመ ልጅ የምልክት ቋንቋ ሊያውቅ ይችላል፤ ካወቀ እጁን እጃችሁ ላይ አድርጎ ምልክቱን በመዳሰስ ይከተል። መጀመሪያ ማየት የተሳነው ደግሞ ብሬል፣ ማለትም በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን የነጠብጣብ ጽሑፍ፣ ሊያውቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ። ሲርበው ምን ያደርጋል? ምን ሲነካ ይስቃል? እሷ የምትነግራችሁን ምልክት ሁሉም መምህር ይማረው።