ፀጉሩን አይቶ አፍንጫውን መርሳት፦ በሃውንድና ፑድል ዲቃላ አያያዝ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከቢግል ሃውንድና (ሃውንድ ማለት በጠረን የሚያድን ውሻ ነው) ከፑድል የተወለደ ቡችላ ገዢን የሚማርከው በፀጉሩ ነው። ጥቅልል፣ ለስላሳ፣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ከፀጉሩ ሥር ያለው ግን የሥራ ውሻ ነው። ቢግል ጥንቸልን በጠረን እየተከተለ የሚያሳድድ አዳኝ፣ ፑድልም ውሃ ላይ የወደቀ ዳክዬ እየዋኘ የሚያመጣ ውሻ ነበር። አዳማ ውስጥ በዚህ ዲቃላ ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛው ይህን ከመርሳት ይመጣል።

«ፀጉሩ አይረግፍም» ብሎ መግዛት

ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ ከተወለዱት ውስጥ አንዱ እንደ ፑድል ጥቅልል፣ አንዱ ሞገድ ያለው፣ አንዱ ደግሞ እንደ ቢግል አጭርና ረጋፊ ፀጉር ሊኖረው ይችላል። የቡችላነት ፀጉርም በመጀመሪያው ዓመት ይቀየራል። አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ የሚያስቸግረው ፀጉሩ ብቻ ሳይሆን የውሻው ምራቅና የቆዳ ቅርፊት ስለሆነ ከመግዛቱ በፊት ከቡችላውም ከወላጆቹም ጋር ጊዜ ቢያሳልፍ ይሻለዋል። የፑድሉን ዓይነት መጠየቅም አይርሳ። ቶይ ፑድል ትከሻው ላይ 28 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ትልቁ ፑድል ግን 60 ይደርሳል። የሚወለደው ውሻ መጠንም በዚያው ልክ ይለያያል።

ያለ ገመድ መልቀቅ

አዳማ ንፋስ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ በከንቱ አልተተከሉባትም። ያው ንፋስ የሥጋ ቤቱን ጠረን ከሩቅ ያመጣል። አፍንጫው ሥራ ላይ የዋለ ሃውንድ ስሙ ሲጠራ የማይመጣው ንቆ አይደለም፤ ጠረኑ ከጥሪው ስለሚበረታበት ነው። ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በሚተላለፉበት መንገድ ደግሞ አንድ ስህተት ይበቃል።

ከግቢ ውጭ ሁለት ሜትር ገደማ ገመድ ከደረት ማሰሪያ ጋር ይጠቀሙ። የ«ና» ልምምዱን መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ግቢ ውስጥ፣ በመጨረሻ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ገመድ ያድርጉት። በመጣ ቁጥር ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ይስጡት። ዘግይቶ ሲመጣ መቆጣት ትልቁ ጥፋት ነው፤ መምጣት ቅጣት እንዳለው ይማራል። ምግቡን ግቢው ውስጥ በትኖ ለ10 ደቂቃ በጠረን እንዲፈልግ ማድረግም ጥሩ ድካም ይሰጠዋል።

ከገበታ የተረፈውን ሁሉ መስጠት

እዚህ ላይ ብዙ ይበላሻል። ወጥ የነካው እንጀራ ቁሌት አለበት፤ ቁሌት ማለት ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም። ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ግራም ያህል ሽንኩርት፣ ማለትም የአንድ መካከለኛ ራስ ግማሽ፣ ለመመረዝ ሊበቃው ይችላል። ምልክቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ከምግቡ ጋር አያያይዘውም፤ ድድ ይነጣል፣ ውሻው ይደክማል፣ ሽንቱ ይቀላል።

የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮ ወይም አንጀት ይወጋል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም አደጋ ነው። ውሻው ውስጥ የሚያድገው ጥገኛ ትል እንቁላሉን በዓይነ ምድር ይጥላል፤ እንቁላሉ ወደ ሰው ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ሁሉ በደንብ ይቀቀል፤ የትል መድኃኒት የሚሰጥበትን ጊዜም ሐኪም ይወስን።

ሌላው የጾም ጉዳይ ነው። በጾመኛ ቤት የዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሲገቡ የውሻው ሥጋ አብሮ ይቋረጣል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ጮማው በአንድ ቀን ይጎርፍለታል። መጀመሪያ ይከሳል፣ ቀጥሎ ቆሽቱ ይቆጣና ማስታወክና ከባድ የሆድ ሕመም ይመጣል። ለውሻ ጾም የለምና እንቁላሉን ወይም ሥጋውን ለብቻው ያብስሉለት። አዋቂ የ10 ኪሎ ውሻ በቀን ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል፤ ይህን ለሁለት ከፍሎ መስጠት ነው። ሩዝና ሥጋ ብቻ ለወራት ከበላ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ በየቀኑ ይጨመርለት። ቡችላ ግን ሌላ ልኬት ስለሚፈልግ ለእርሱ በግምት መጨመር አይገባም። ሆዳምነቱ ከቢግል ወገን የመጣ ስለሆነ «ገና ራበኝ» የሚለውን ዓይኑን አይመኑት። ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ወፍሯል።

የተንጠለጠለውን ጆሮ አለማየት

ከሃውንዱ የተንጠለጠለ ጆሮ፣ ከፑድሉ የጆሮ ውስጥ ፀጉር ሲገናኙ አየር አይገባም፤ እርጥበትና ሰም ተጠራቅሞ ጀርምና ፈንገስ ይራባል። በሳምንት አንዴ ገልጠው ያሽትቱ። የውሻ ጆሮ ማጽጃ ፈሳሽ ጨምረው የጆሮውን ሥር ከውጭ ግማሽ ደቂቃ ያሹት፣ ራሱን ያራግፍ፣ ከዚያ የሚታየውን ብቻ በጥጥ ይጥረጉ። የጥጥ እንጨት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አልኮል ያቃጥላል። ከታጠበ በኋላም ጆሮው መድረቅ አለበት። መጥፎ ሽታ፣ ቡናማ ፈሳሽ ወይም ራስን ማራገፍ ካለ ክሊኒክ ይወሰድ።

ሳያበጥሩ ማጠብ

የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይተሳሰራል። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብረት ማበጠሪያ ከቆዳው ሥር ጀምሮ ማበጠር፣ ከዚያ ማጠብ ነው። ጥቅልል ፀጉር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበጠር፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና የአንገት ማሰሪያው ሥር የሚደበቀውን አይርሱ። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቃል። ለሙቀት ብሎ እስከ ቆዳ መላጨትም ለፀሐይ ማጋለጥ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይተውለት።

የከብት መድኃኒት ለመዥገር

ለከብት የሚረጭ ዲያዚኖን የተባለ የተባይ መርዝ በግምት ተበጥብጦ ውሻ ላይ ሲፈስ ውሻው ይልሰዋል። ምራቅ መዝረክረክና መንቀጥቀጥ የመመረዝ ምልክት ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት የ1 በመቶ መርፌም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር የ50 ኪሎ ከብት መጠን ስለሆነ ለ10 ኪሎ ውሻ በዓይን ገምቶ መስጠት አይቻልም። የውሻውን ክብደት መዝነው ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ይግዙ። ጆሮውን፣ የጣቶቹን መካከልና ጅራቱ ሥር በእጅ ይዳስሱ። መዥገር ተወግዶ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የድድ መንጣት ወይም ነስር ከመጣ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

በቀትር ማንሸራሸር

በሚያዝያና ግንቦት የአዳማ አስፋልት መዳፉን ያቃጥላል። የእጅዎን ጀርባ ሰባት ሰከንድ አስፋልቱ ላይ ማቆየት ካልቻሉ እርሱም አይችልም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይውጣ።

በር ላይ አስሮ ዘበኛ ማድረግ

ይህ ዲቃላ ሌባ አያስፈራም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከታሰረ ግን ያላዝናል። የሃውንድ ድምፅ ደግሞ ከባድ ነው፤ የጋራ ግቢ ከሆነ የጎረቤት ጠብ ያመጣል።

«ከቤት አይወጣም» ብሎ ክትባት መተው

የአጥር ቀዳዳ ይበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይጀመርና ሐኪሙ በሰጠው ቀጠሮ ይደገማል፤ ቡችላን የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር ቫይረሶች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። ያልታወቀ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ። የውሻው ሁኔታ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።