ሴፕሲስ ስትጠረጥሩ ደሙን እንዴት ትቀዳላችሁ፣ ውጤቱንስ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ጎንደር ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ ኢንተርኖች፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነው የምጽፈው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ፦ ብቻውን "ይሄ ሴፕሲስ ነው" የሚላችሁ የደም ምርመራ የለም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ትርጓሜ ሴፕሲስ የምንለው ሰውነት ለኢንፌክሽን የሰጠው ምላሽ ተዛብቶ የራሱን ኩላሊት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል ሲጎዳ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ቅዱ። ኢንፌክሽን አለ? የተጎዳ አካልስ አለ?

ሁለተኛውን ለመመለስ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ወይም ቢሊሩቢን (የጉበት ምርመራ) 2 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ከደረሰ ወይም ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ከ100,000 ከወረደ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከሆነ፣ አንዱ ብቻውን ሶፋ (SOFA፣ የአካላትን ጉዳት በነጥብ የሚመዝን መለኪያ) ላይ 2 ነጥብ ያስይዛል። ኢንፌክሽን ለጠረጠራችሁበት ሰው ሴፕሲስ ለማለት ይሄ ይበቃል። ስኳሩንም አብራችሁ ለኩ፣ ጣት መውጋት ነው።

ላክቴት (ሴሎች በቂ ኦክስጅን ሲያጡ ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) የሚሠራላችሁ ከሆነ ቅድሚያ ስጡት። በሊትር ከ2 ሚሊሞል ካለፈ ተጠንቀቁ፤ 4 ከደረሰ የደም ግፊቱ ደህና ቢሆን እንኳ በሽተኛው ከባድ አደጋ ላይ ነው። ግን አቀዳዱ ወሳኝ ነው። ክንዱን ለረጅም ጊዜ አስራችሁ፣ ጡጫ እያስጨበጣችሁ ከቀዳችሁ ቁጥሩ በውሸት ከፍ ሊል ይችላል። ፍሎራይድ ያለበትን ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥም ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙም። ናሙናውን አስታማሚ የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ ወረፋ ላይ እንዳይቆም "አስቸኳይ" ብላችሁ ጻፉበትና ላቦራቶሪ ደውሉ። የሚጥል በሽታ ከተነሳበት፣ ጉበቱ ከታመመ ወይም አድሬናሊን ላይ ካለ ላክቴት ያለ ሴፕሲስም እንደሚጨምር አትርሱ።

ላክቴት ከሌለስ? ለወባ ምርመራ የምንጠቀምበትን የመስታወት ስላይድ አንሱ። የሌባ ጣቱን ጫፍ በስላይዱ ነጭ እስኪሆን ተጫኑት፣ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ። ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደም በቅጡ እየደረሰ አይደለም። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ፈሳሽ እየሰጣችሁ ደጋግማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ሲአርፒ (CRP፣ ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ዘግይቶ ነው የሚነሳው፤ ከፍተኛው ላይ ለመድረስ ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል። ትኩሳቱ ዛሬ ጠዋት የጀመረው ሰው ሲአርፒው ዝቅ ስላለ ወደ ቤት አትሸኙት። ሌላው የኢንፌክሽን ጠቋሚ፣ ፕሮካልሲቶኒን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነሳል፣ ለባክቴሪያም የተሻለ ይጠቁማል። ሆኖም የ2021 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መመሪያ አንቲባዮቲክ ለመጀመር እሱን እንዳንጠብቅ ይመክራል። የሚጠቅመው በኋላ፣ እየወረደ ሲሄድ መድኃኒቱን ለማቆም ነው።

የእኛን አካባቢ ደግሞ አስቡት። ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ በትኩሳት የመጣ ወጣት ፕላትሌቱ የወረደው፣ ሲአርፒው የወጣው፣ ፕሮካልሲቶኒኑም የጨመረው በወባ ሊሆን ይችላል። ብለድ ፊልም (የወባ ማይክሮስኮፕ ምርመራ) ወይም አርዲቲ (የወባ ፈጣን ምርመራ) አብሮ ይላክ። ወባ ተገኘ ማለት ግን ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። ካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ነጭ የደም ሴልንና ፕላትሌትን ለሳምንታት ዝቅ አድርጎ ያቆያል፤ ጣፊያውን ዳብሱ፣ የቆየ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ ውጤት) ካለውም ጠይቁ። ነጭ የደም ሴል ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች ሲሆን እንጠረጥራለን፤ በእድሜ የገፉ እናትና አባቶች ላይ ግን ልክ ሆኖም ሴፕሲስ ሊኖር ይችላል።

በሽተኛው ሾክ ውስጥ (የደም ዝውውሩ ወድቆ) ከሆነ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት የሚላክ ናሙና) ከሁለት ቦታ ቀድማችሁ ውሰዱ፣ ካልተሳካ ግን መድኃኒቱን አታዘግዩ። ውጤት እስኪመጣ ተብሎ ሰው መሞት የለበትም!

ላክቴቱ ከፍ ብሎ ከነበረ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ድገሙት። ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትልኩም ሪፈር ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ደሙ የተቀዳበትን ሰዓትና አንቲባዮቲኩ የተሰጠበትን ሰዓት ጻፉ።