ፍሬም ከመቀባታችሁ በፊት የቡሎን ቀዳዳዎቹን ድፈኑ

አሮጌ የብረት ብስክሌት ቀብታችሁ ስትገጣጥሙ ቡሎኑ አልገባ የሚለው ቀለሙ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ስለደረቀ ነው። በግድ ካጠበቃችሁት ጥርሱ ይበላል። አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለውን የመጀመሪያ ቀለም) ከመንፋታችሁ በፊት በየቀዳዳው አሮጌ ቡሎን፣ ጫፉን በጣም ስስ ግራሶ ቀብታችሁ፣ እሰሩበት። ግራሶው ቡሎኑ ከፍሬሙ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ወደ ውጭ ከወጣ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቀለም አይዝም፤ ዙሪያውን ቲነር በነካ ጨርቅ አደራ ጥረጉት። የፔዳሉ አክስል የሚገባበትን ሰፊ ቀዳዳ በተጠቀለለ ወፍራም ወረቀት ሙሉት።

ቡሎኖቹን የምትፈቱት ቀለሙ እጅ መያዙን ሲተው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ነው። ከዘገያችሁ ዙሪያው ተሰንጥቆ አብሮ ይነሳል።

በምድጃ ለሚጋገር የዱቄት ቀለም ይህን አትሞክሩት፤ ግራሶው በሙቀቱ ቀልጦ ፍሬሙ ላይ ይፈሳል።