ከገና ጧፍ እስከ ጥምቀት ነጠላ፦ የበዓል ፎቶ ችግርና መፍትሄ

ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት ስልካችን በፎቶ ይሞላል። በኋላ ስናየው ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ደግሞ ብዥ ብሏል። አብዛኛው ሰው «ስልኬ አሮጌ ስለሆነ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ስልኩ አይደለም፤ ብርሃኑን በራሱ እንዲገምት መተዋችን ነው።

ነጠላው ይታያል፣ ፊቱ ጠቁሯል

የጥምቀት ዋናው ችግር ይሄ ነው። ጥር 11 ጃንሜዳ ወይም ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ብትሄዱ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራ ደግሞ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያየውን ብርሃን በሙሉ መካከለኛ ግራጫ ላይ ሊያመጣው ይሞክራል። ፎቶው በነጭ ሲሞላ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

መፍትሄው ስክሪኑ ላይ ፊቱን መንካት ነው። ጣታችሁን ትንሽ ስታቆዩት በብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ግፏት። እስከ የት? የጥለቱ ቀለም እስካልጠፋ ድረስ። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፤ ሰው ፎቶውን ከፍቶ የሚያየው ፊት ነው።

ረፋድ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የበጋ ሰማይ ደመና የለውም፣ ፀሐዩ ይከራል፣ ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል፣ ሰውም ዓይኑን ያጨማድዳል። ጥላ ካለ ወደ ጥላ ውሰዷቸው። ከሌለ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡና አንድ ሰው ነጠላውን ዘርግቶ ከፊታቸው ዝቅ አድርጎ ይያዝ። ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል። ባለ ስቱዲዮዎቹ ለዚሁ ሥራ የተለየ ዕቃ ይገዛሉ፤ እኛ ለብሰነው ነው የምንመጣው!

የሚረጨው ውሃ ነጭ ጭረት ብቻ ሆኗል

ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው ክፍል፣ ዘግይቷል። ካሜራ ከሆነ ወደ 1/1000 ሰከንድ አድርሱት። ስልክ ከሆነ በተከታታይ ብዙ አንሱና አንዱን ምረጡ። ስልኩንም ከውሃው ጠብቁት።

የገና ሌሊት ፎቶ ብዥ ብሏል

በጧፍ ብርሃን ካሜራው በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ሸተሩን ከፍቶ ይቆያል። የስልክ የምሽት ሞድ ሰከንዶች ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ሰውዬው ዞሯል፣ ልጁም ሮጧል። ብዙዎች ያኔ ፍላሽ ያበራሉ። የጧፉ ወርቃማ ብርሃን ድራሹ ይጠፋል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። በዚያ ላይ በጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ፍላሽ ማብራት ነውር ነው።

ፍላሹን አጥፉ። ጧፉን የያዘው ሰው ወደ ፊቱ ጠጋ ያድርገው። ዙም አታድርጉ፤ እናንተ ተጠጉ። ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ሰውየው ጸጥ ያለበትን ቅጽበት ጠብቁ። ካሜራ የያዘ ሰው የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከሚችለው ይክፈት፣ ሸተሩን ከ1/60 አያውርድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 ይጨምር። ፎቶው ትንሽ ቢሻክርም ብዥ ካለው በብዙ ይሻላል።

ከጧፉ ዙሪያ ጭጋግ መሳይ ነገር ከታየ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። በዓል ነው፣ ቅባት የነካው እጅ ብዙ ነው።

ዶሮ ወጡ ጠቁሯል፣ እንጀራው ቢጫ ሆኗል

ከላይ ቢጫ አምፖል፣ ከጎን የመስኮት ብርሃን። ሁለቱ ሲደባለቁ ካሜራው የትኛውን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል። አምፖሉን አጥፉና ሞሰቡን ወደ መስኮት አስጠጉት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የወጡ ዘይት ያብረቀርቃል፣ እንቁላሉም ይለያል። የዕጣኑና የቡናው ጢስ እንዲታይ ደግሞ ብርሃኑ ከጢሱ ኋላ ይሁን፣ ከበስተጀርባውም ጨለም ያለ ነገር ይኑር።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከተጋደሙ ምክንያቱ የአምፖሉ በዓይን የማይታይ ብልጭ ድርግም ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100፣ አሜሪካ 1/60 ሞክሩ።

በረዶ ያለበት አገር ለምትኖሩ

በረዶው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ የነጠላው ችግር ነው፤ እዚህም ብርሃኑን ጨምሩ። ባትሪው ድንገት ከሞተ ብርዱ ነው። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ተጠቀሙበት ይላል፤ የሚኒሶታ ጥር ደግሞ ከዚያ በታች ነው። በፎቶዎቹ መካከል ስልኩን በውስጥ ኪስ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት።

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላይ ጠል ይቋጠራል። ብትጠርጉትም ተመልሶ ይመጣል። ካሜራውን ውጭ እያላችሁ በሚታሸግ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ቤት ገብታችሁም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትከፍቱ ተዉት። ያኔ ጠሉ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል።

እኔ ጋ ጥርት ያለው፣ እናቴ ጋ ሲደርስ ደብዝዟል

ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ይጨምቀዋል። አያይዝ የሚለውን ነክታችሁ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩላቸው። ዋትስአፕ ላይ «ዶክመንት» የሚለው ነው። ዳታ ይበላል፣ ስለዚህ ሁሉንም ሳይሆን የመረጣችሁትን ብቻ ላኩ።