ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ አጥቂ፦ ምልክቱ፣ ምንጩና መፍትሄው

ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው የደሴ ነጋዴ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ መውጣትና መውረድ አይችልም። ስለዚህ የመጋዘኑን ሰርቨር (ዋና ኮምፒውተር) ደሴ ቢሮው ሆኖ ለመቆጣጠር በኢንተርኔት በኩል በር ያስከፍታል። አጥቂም ደካማ የይለፍ ቃል ገምቶ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚሁ በር ነው። ከገባ በኋላ የይለፍ ቃሉ ቢቀየርበትም እንዳይባረር፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የራሱ ፕሮግራም አብሮ እንዲነሳ በማስነሻ ፋይሎች ውስጥ አንድ መስመር ጽፎ ይሄዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ማሽን ቶሎ ቶሎ ይነሳል። እኛ መድኃኒት የምናደርገው «አጥፍተህ አብራው» የሚባለው ነገር ለዚህ አጥቂ ምግቡ ነው።

አጠራጣሪ ፋይል ስታገኙ ወዲያው አትሰርዙት። የሚቀሰቅሰውን ሳታውቁ ብትሰርዙት ቀስቃሹ መልሶ ያመጣዋል፣ እናንተም ማስረጃችሁን ታጣላችሁ።

ምልክት፦ ያስቆማችሁት ፕሮግራም ተመልሶ ይሠራል

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ «መቼ ተመለሰ?» የሚለው ነው። በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) ሰርቨር ላይ የመመለሻው ጊዜ ራሱ መደበቂያውን ይጠቁማል።

ባስቆማችሁት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከተመለሰ፣ የሚጠብቀው ሌላ ሂደት (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ወይም የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስጀምረውና የሚቆጣጠረው ክፍል) አገልግሎት አለ። በየደቂቃው ወይም በየአምስት ደቂቃው የሚመለስ ከሆነ ክሮንታብን (በተወሰነ ጊዜ የሚጀምሩ ሥራዎች ዝርዝርን) ክፈቱ፤ የሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ) ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ተጠቃሚዎች። ማሽኑ ሲነሳ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ሦስት ቦታ ፈልጉ፦ ማሽኑ ሲነሳ የሚሠሩ ትእዛዞች የሚጻፉበትን አርሲ ሎካል የተባለ ፋይል፣ የሲስተምዲ አገልግሎቶችን፣ እንዲሁም በክሮንታብ ውስጥ «ሪቡት» ተብሎ የተጻፈውን መስመር። ማሽኑ ተነስቶ ምንም ሳይታይ ቆይቶ፣ እናንተ ስትገቡ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ባሽ አርሲ ወይም ፕሮፋይል በተባሉት የተጠቃሚ ፋይሎች ውስጥ ነው። እነዚህ የሚነበቡት ሰው ሲገባ ነው።

አርሲ ሎካል የቆየ መንገድ ነው፤ ሆኖም ፋይሉ ካለና የማስኬድ ፈቃድ ከተሰጠው ሲስተምዲ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ዛሬም ያስነሳዋል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዳዲስ ስሪቶች ይህ ፋይል ከመጀመሪያው አይኖርም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ ፋይሉ መኖሩ ብቻውን ማን እንደፈጠረው ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

የሲስተምዲ አገልግሎት ፋይል ስታነቡ በስሙና በመግለጫው አትታለሉ፤ አጥቂው «የኔትወርክ ረዳት» የሚል ስም ሊሰጠው ይችላል። እውነቱ ያለው የሚነሳውን ፕሮግራም በሚጠቁመው መስመር ላይ ነው። የጤነኛ አገልግሎት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ «ዩኤስአር» ፎልደር ስር ይገኛል። መስመሩ የሚጠቁመው ግን በ«ቫር» ስር ባለው «ቲኤምፒ» ውስጥ ስሙ በነጥብ ወደሚጀምር ፋይል ከሆነ፣ ያ ፋይል በተለመደው ዝርዝር እንዳይታይ ተደርጎ የተቀመጠ ነው። ከሥሩ ሁልጊዜ እንደገና ይጀምር የሚል ትእዛዝ ካለ፣ ስታስቆሙት ወዲያው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄ

መጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ንቀሉ፤ ማሽኑን ግን አታጥፉ። የፋይሉን የጊዜ ምልክቶች መዝግባችሁ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ። ጊዜውን ስታዩ ይዘቱ የተሻሻለበትን ብቻ አትመኑ፤ አጥቂ እሱን በቀላሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሊኑክስ ለብቻው የሚመዘግበውን የለውጥ ጊዜ ለማጭበርበር ግን ይከብዳል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ምክንያቱን ጠይቁ። ቀጥሎ ፋይሉ የየትኛው ፓኬጅ (በሲስተሙ ላይ የተጫነ የፕሮግራም ጥቅል) እንደሆነ ሲስተሙን ጠይቁ። የማንም ካልሆነና ባልደረባችሁም «እኔ አልጻፍኩትም» ካለ ነገሩ ለይቶለታል። ከዚያ በኋላ አስቀድማችሁ አገልግሎቱ እንዳይነሳ ከልክሉ፣ ከዚያ አስቁሙት፣ በመጨረሻ ፋይሉን አንሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ድካሙ ከንቱ ነው።

ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ይቆማል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በአርሲ ሎካል ወይም በሲስተሙ የአገልግሎት ፎልደር ውስጥ ለመጻፍ የሩት ሥልጣን ያስፈልጋል። እዚያ የአጥቂ መስመር ካገኛችሁ አጥቂው ሩት ነበር ማለት ነው፤ ሩት የነበረ ሰው ሌላ ምን እንደደበቀ ያው ማሽን በትክክል ይነግረናል ብሎ ማመን አይቻልም። ትክክለኛው መፍትሄ ሰርቨሩን እንደ አዲስ መጫን፣ ዳታውን ብቻ ከመጠባበቂያው መመለስ፣ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ሆኖ የይለፍ ቃሎችን ሁሉ መቀየርና የኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት መቆጣጠሪያ) ቁልፎችን ማደስ ነው። ባለቤቱ «ሥራ ይቆማል» ብሎ ቢቆጣም ይህን ፊት ለፊት ልትነግሩት ይገባል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትን በወንጀል ይቀጣል፤ ስለዚህ የቀዳችሁትን ማስረጃ አስቀምጡ።

ምልክት፦ መብራት ከመጣ በኋላ ማሽኑ ለመነሳት ይዘገያል

ይህ ብቻውን ጥቃት አይደለም። በድንገት የጠፋ ማሽን ሲነሳ ዲስኩን ስለሚፈትሽ ሊዘገይ ይችላል። ሎግ (የማሽኑን የክንውን መዝገብ) ከማንበባችሁ በፊት ግን ሰዓቱን አረጋግጡ። የእናት ቦርዱ ባትሪ ካለቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስና የሎጉ ቅደም ተከተል ይዛባል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 23:00 ብሎ የመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ነው። «በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ማን ነበር?» ብላችሁ የጥበቃ ሠራተኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አስሉ፤ በሰዓት ስህተት ሰው መጠርጠር ነውር ነው።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ሲከፈት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል

ምንጩ ከስታርትአፕ ፎልደር፣ ከሬጅስትሪው (ከዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) «ራን» ቁልፎች፣ ከታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን በተወሰነ ጊዜ ከሚያስጀምረው ክፍል) ወይም ከአገልግሎቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀር የሚያሳየው ከፊሉን ብቻ ነው። የማይክሮሶፍትን ነጻ መሣሪያ አውቶራንስን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ክፈቱ፣ የፊርማ (የፕሮግራሙን ሠሪ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማኅተም) ማረጋገጫውን አብሩ፣ ፊርማ የሌላቸውንና ፓወርሼልን (የዊንዶውስን ትእዛዝ መስጫ) ረጅም ትርጉም የለሽ ጽሑፍ አስከትለው የሚጠሩትን መርምሩ። አጠራጣሪውን ከመሰረዝ በፊት ከስሙ ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ ያለውን የምርጫ ምልክት አንስታችሁ አግዱት። በሲስተም ሎግ ውስጥ ቁጥር 7045 አዲስ አገልግሎት መጫኑን ያሳያል። ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ ካላችሁ ምርመራው ይከብዳል፤ ማስከፈቻ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ልክ እንደ አጥቂ የታቀደ ሥራ ትተው ይሄዳሉ፣ ፊርማም የላቸውም።

አስቀድሞ ለመያዝ

ማሽኑ ንጹሕ መሆኑን በምታውቁበት ጊዜ የማስነሻ ዝርዝሩን አስቀምጡ። አውቶራንስ የተቀመጠውን ከአሁኑ ጋር ያስተያያል፤ በሊኑክስ ኤይድ የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል። ዝርዝሩን እዚያው ማሽን ላይ አታስቀምጡ። ኦዲትዲ (የሊኑክስ የክትትል መዝጋቢ) ደግሞ በማስነሻ ፋይሎቹና ፎልደሮቹ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ከጻፈው ተጠቃሚ ጋር እንዲመዘግብ እዘዙት፤ ሩት የያዘ አጥቂ ሎጉንም ስለሚሰርዝ ምዝገባው በዚያው ሰዓት ወደ ሌላ ማሽን እንዲላክ አድርጉ።